እንትን

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
እጄ ላይ ወረቀት፣ ጫማዬ ላይ ጭቃ፣
ሁለት መቶ አርባ መጠይቅ አዝዬ
ከበሩ ደረስኩኝ፣ «ይክፈቱልኝ» ብዬ።
ዘበኛው ጋሽ ጉደታ፣ ካፖርት ደራርበው፣
መታወቂያዬን አዩት ገልብጠው፣ አንብበው፤
«ለምንድን ነው የመጣሽው?»
«ለግምገማ።»
«የምን?»
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ወረቀቴን አየሁ፤
«የዚያ... የእንትን ትምህርት» ብዬ ተገላገልሁ።

መጠይቁን ያረቀቅሁ እኔው ራሴ ነኝ።
ገና ከበሩ ላይ የወደቅሁም እኔ ነኝ።

አማርኛ ሀብታም ነው፤ ለፈረስ ቀለም
ዳማ፣ ቦራ፣ ሻሾ፣ ስም አያልቅበትም፤
ከወገብ ዝቅ ሲል ግን ይደኸያል አፉ፣
አንዲት ቃል ትሠራለች ሌሎቹ ሲያርፉ፦
እንትን።

ዘጠነኛ «ለ» ክፍል፣ ስልሳ ሦስት ልጅ፣
ለሦስት አንድ ዴስክ፣ ክርን ከክርን ሲፋጅ።
መምህር ዘርጋው ድሮ፣ እዚያ ምዕራፍ ሲደርስ፣
«ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ የሚመለስ፣
ዘንድሮ ሠልጥኖ፣ ውሎ አበሉን በልቶ፣
ሁሉን በስሙ ጠራው ላቡን በእጁ ገፍቶ፤
ጀርባውን ለልጆቹ፣ ፊቱን ለጠመኔ።
ቢሆንም አስተማረ። አይቻለሁ በዓይኔ።
ሲስተር ትበርህም መጣች ከጤና ጣቢያው፣
የማሳያዋን ዕቃ በጥቁር ፌስታል ይዛው፣
እንደ ተሰረቀ።

ጥቅምት ላይ ውጤቱ ከመቶ አርባ አንድ፤
ዛሬ ሰባ ዘጠኝ። ወደ ላይ የሚሄድ
ቀስት ነው። አለቃዬ ቀስት ይወዳል፤
ቀስት ላለው ሪፖርት ገንዘብ ይለቀቃል።

ግን ወረቀት ጀርባ አለው።

ፊቱ ላይ ሣጥን ነው፤ «እውነት»፣ «ሐሰት»፣ «አላውቅም»፤
ጀርባው ላይ የጻፉትን የጠየቃቸው የለም፦

«እምቢ ማለት መብት ነው፤ "እውነት" ብዬ ሞልቻለሁ።
የሚኒባሱ ረዳት ግን "አንቺ አትከፍዪም" ይለኛል።
እኔ መክፈል እፈልጋለሁ።»

«በየወሩ የምቀረው ባላውቅ አይደለም።
ሽንት ቤታችን በር የለውም።
ጥያቄያችሁ ውስጥም በር የለም።»

«ድምፄ ተሰባበረ፤ ያድነዋል ሎሚ?»

«ይህንን ለእናቴ ማን ይንገርልኝ?»
(ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፦ ቀስ ብሎ።)

ጀርባውን የሚደምር ቀመር የለኝም።

ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት። ሌንሴ ትባላለች።
በጥቅምቱ ፈተና ክፍሉን በልጣ ነበረች፤
«አላውቅም» የሚለውን አንዴም አልነካችው።
ዛሬ ቦታዋ ላይ ቦርሳ ነው ያረፈው።
ጎኗ የምትቀመጥ ኢክራም የምትባል፣
ከአሥሩ አሥር አግኝታ፣ አንድም ሳትስት ቃል፣
የእስክሪብቶዋን ክዳን እያኘከች፣
«መጋቢት ላይ» አለችኝ፣ «ያኔ ነው የቀረች።»
«ለምን?»
ዴስኩን አየች። መስኮቱን አየች።
«ያው... እንትን ሆና።»

በእኛ መዝገብ ያልተገኘ ዘጠና ዘጠኝ ይባላል፤
ዘጠና ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ፤ ኮምፒውተሩ ይዘላል፤
አማካዩ አይጎድልም።

ስወጣ ጋሽ ጉደታ ቆመው ከበሩ ሥር፣
«የ... የእሱ ወረቀት፣ ተርፎሽ ይሆን ነበር?»
«አንድ አለ።»
«ሴት ልጅ አለችኝ፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ገባች።
እናቷ አምና አረፈች።»
ሰጠኋቸው። አራት ቦታ አጥፈው፣
ከካፖርቱ ሥር፣ ከሸሚዛቸው ኪስ ከተው፣
በሩን ዘጉ።

ጭቃውን ስሻገር ከኋላዬ ጠሩኝ፤
ካፖርታቸው ተከፍቶ እየሮጡ መጡብኝ፦
«መልሱስ?» አሉ፤ «መልሱ ለብቻው ነው እንዴ?»